የቆዩ የቪዲዮ ካሴቶችን ስለ ማስገልበጥና ለዘመድ ስለ መላክ
በጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተነበበ ንግግር





ዛሬ የምንነጋገረው በየቤታችን ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ጠጥቶ ስለተቀመጠው የቪዲዮ ካሴት ነው። በካሴቱ ውስጥ ሠርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ምርቃት አለ። ከሁሉ በላይ ግን ዛሬ በመካከላችን የሌሉት አባቶቻችንና እናቶቻችን ሲመርቁ የሚሰማው ድምፃቸው ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ካሴት ደግሞ እንደ ሰው ያረጃል። ማጫወቻው ዴክም ቢሆን እንደ ልብ አይገኝም፤ እስከ መጨረሻው ሲያመርት የቆየው የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ እንኳ በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. ማምረቱን አቁሟል። ስለሆነም ነገ ዛሬ ሳንል ወደ ኮምፒዩተር ማስገልበጥ ይኖርብናል።

ካስገለበጡት አባሎቻችን ሁለት ዓይነት ስሞታ ደርሶናል። አንደኛው፣ «ሙሽራዋ ስትጨፍር እጇ እንደ ሚዶ ጥርስ ይተለተላል» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «ፋይሉ ከብዶ ውጭ አገር ላለችው ልጄ አልላክ አለኝ» የሚል ነው። ሁለቱም መድኃኒት አላቸው። ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ አለበት።

በመጀመሪያ ስለ ሚዶው ጥርስ እንናገር። አገራችን ስትጠቀምበት የኖረችው ፓል የሚባለው የቴሌቪዥን አሠራር በሴኮንድ 25 ምስል ያሳያል። እያንዳንዱ ምስል 576 የሚታዩ መስመሮች አሉት። እነዚህ መስመሮች ታዲያ ባንድ ጊዜ አይመጡም። መጀመሪያ አንድ እየዘለሉ ግማሾቹ ይመጣሉ፤ ከሴኮንድ አንድ ሃምሳኛ በኋላ በመካከል የቀሩት ይከተላሉ። በድሮው ወፍራም ቴሌቪዥን ላይ ዓይናችን ሁለቱን ግማሾች አጋጥሞ ስለሚያይ ምንም አይታወቅም ነበር። ስልክና ኮምፒዩተር ግን ሁለቱን ባንድ ላይ ደርበው ሊያሳዩን ይችላሉ። ያን ጊዜ ቁጭ ያለው ሰው ደህና ይታያል፤ እስክስታ የሚመታው ግን በዚያች ቅጽበት ትከሻው ቦታ ስለለወጠ ዳር ዳሩ ይተለተላል። እንግዲህ «ካሴቱ ተበላሽቷል» ብላችሁ እንዳትጥሉት። አልተበላሸም።

መፍትሔው ዲኢንተርሌስ ይባላል። ይኸውም የተጠላለፉትን ግማሾች ለያይቶ፣ የጎደለውን መስመር ከአጠገቡ ካሉት መስመሮች ገምቶ በመሙላት ሙሉ ምስል ማውጣት ነው። ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ውስጥ «ፊልተርስ» በሚለው ክፍል ይገኛል፤ «ያዲፍ» ወይም «ዲኮምብ» የሚለውን መምረጥ ነው። ጭፈራው ሳይቆራረጥ እንዲታይ የሚፈልግ «ቦብ»ን መርጦ የፍሬሙን ብዛት 50 ያድርግ።

ይኼ ከማሳነሱ በፊት የሚሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። የሚያሳንሰው ፕሮግራም የሚዶውን ጥርስ እንደ እውነተኛ ምስል ቆጥሮ ቦታ ያባክንበታል። ይባስ ብሎ የምስሉ ቁመት አስቀድሞ ከተቀነሰ መስመሮቹ እርስ በርሳቸው ይደባለቃሉ። ጤፍና ገብስ አብሮ ከተፈጨ በኋላ ማን ይለየዋል?

ቀጥሎ ማሳነስ ነው። ዲቪ በሚባለው ዓይነት የተገለበጠ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ 13 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። ያንኑ ኤች 264 በሚባለው መንገድ በሴኮንድ 1.5 ሜጋቢት አድርጎ በኤምፒ 4 ፋይል ማውጣት ቢቻል ወደ 675 ሜጋባይት ይወርዳል። ድምፁ በ128 ኪሎቢት ቢሆን የሚጨምረው ከ60 ሜጋባይት በታች ነው። በሃንድብሬክ የጥራት ቁጥር ለሚሠራ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ምስል ከ18 እስከ 22 ያለው ይስማማዋል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ፋይሉ ያንሳል፣ ጥራቱም አብሮ ይወርዳል። ድረ ገጽ ላይ የሚጫን ከሆነ «ዌብ ኦፕቲማይዝድ» የሚለው ላይ ምልክት ይደረግ፤ ተመልካቹ ፋይሉ ወርዶ እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ማየት ይጀምራል።

«ኤችዲ እናድርግላችሁ» የሚላችሁን አትቸኩሉለት። ካሴቱ ላይ ያልነበረ ነገር ከየት ይመጣል? ፋይሉ ብቻ ነው የሚያብጠው። ምስሉም 4 በ3 እንደሆነ ይቆይ፤ ስክሪን ይሙላ ተብሎ ከተለጠጠ የሰው ፊት ይሰፋል። የአራት ሰዓት ሠርግም ሙሉውን መላክ ግድ አይደለም። የአያትን ምርቃት አሥር ደቂቃ ቆርጦ መላክ ይቻላል። ለኢንተርኔት የሚከፍለው ላኪው ብቻ ሳይሆን ተቀባዩም ነውና።

በመጨረሻ አጥብቀን የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። ትንሹ ፋይል ለመላኪያ ነው፤ ትልቁ ለማስቀመጫ ነው። ሲያንስ የወጣው ነገር ተመልሶ አይገባም። አንዳንድ ገልባጭ ትንሹን ብቻ ሰጥቶ ትልቁን ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት «ትልቁንም ትሰጡኛላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ትልቁ በሁለት ሃርድ ዲስክ ተገልብጦ በሁለት ቤት ይቀመጥ፤ አንዱ ቢሰበር ወይም ቢሰረቅ ሌላው ይተርፋል። ካሴቱንም አትጣሉት።

ወጣቶቻችን ሆይ፣ ይኼ ሥራ ለእናንተ ከባድ አይደለም። የጎረቤት እናቶችን ካሴት ተቀብላችሁ፣ ስማቸውን በላዩ ጽፋችሁ፣ ሠርታችሁ ብትመልሱላቸው ምርቃታቸው ይደርሳችኋል። ለመቅበር እንኳ መምጣት ያልቻለ ልጅ የእናቱን ድምፅ ባለበት አገር ሆኖ ቢሰማ ትልቅ ነገር ነው።



የማኅበሩ ጸሐፊ