የባቡር ጣቢያ ርቀት ከማን ደጃፍ ይለካ?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ በከተማ ዳርቻ ስለሚሠሩ የባቡር ጣቢያዎች ነው። ብዙዎቻችን ጣቢያ ሲባል ወዲያው የሚታየን ጣራው፣ መስተዋቱና በምረቃው ቀን የሚቈረጠው ሪባን ነው። በማለዳ ተነሥቶ ወደ ሥራው ለሚገሠግሠው ሰው ግን ጣቢያ ማለት ከቤቱ ደጃፍ እስከ ባቡሩ በር ያለው መንገድ በሙሉ ነው። የንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ የቀረው ማስረጃው ነው።

ጣቢያ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከገዛ ታሪካችን እንመልከት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በመጀመሪያ ወደ ሐረር ይዘልቃል ተብሎ ነበር። ተራራው አስቸጋሪ፣ ወጪውም ከባድ ስለ ሆነ መሥመሩ በቆላው በኩል ዞረና በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ በጣቢያው አጠገብ ከዚራ ተቈረቈረች፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ደግሞ መጋላ ሰፋች፤ የጥንቷ ሐረርም ከንግዷ ብዙውን ለዚህች አዲስ ከተማ ለቀቀች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ የለገሃር ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። «ለገሃር» የሚለው ስም ራሱ በፈረንሳይኛ «ጣቢያው» ከማለት የመጣ ነው፤ ሕዝቡ የባዕዱን ቃል ተቀብሎ የሰፈር ስም አደረገው። እንግዲህ ጣቢያ ከተማን ይወልዳል፣ ገበያን ያዛውራል፣ ለሰፈርም ስም ያወጣል። እንዲህ ያለው ነገር የት ይቁም የሚለው ጥያቄ ለመሐንዲሶች ብቻ የሚተው ነውን?

ወደ ዘመናችን እንምጣ። አዲሱ የኢትዮጵያና የጅቡቲ የባቡር መሥመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ የአዲስ አበባ መንገደኞች መሳፈሪያ ለገሃር መሆኑ ቀርቶ በከተማው ዳርቻ፣ ለቡ ሆነ። ይህ ያለ ምክንያት ተደረገ አንልም። የቀድሞው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ የአሁኑ 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ረጃጅም የጭነት ባቡሮችም ሰፊ ሜዳ ይሻሉ። ይህን ሁሉ በከተማው መካከል ለማስገባት ብዙ ቤት ማፍረስ ያስፈልግ ነበር። ይሁን እንጂ ከዚያ የተረፈው ወጪ በከፊል ወደ መንገደኛው ትከሻ ተሸጋግሯል። ለዕረፍት ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው ተማሪ ሻንጣውን ተሸክሞ፣ ታክሲ እየቀያየረ ለቡ እስኪደርስ የሚያወጣው ገንዘብና ጊዜ በባቡሩ ትኬት ላይ አልተጻፈም።

የአዲስ አበባው ቀላል ባቡርም የሚያስተምረን አለ። የቃሊቲው መሥመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚደርሰው ደግሞ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ሥራ ጀመሩ። ሲከፈቱ ሁለቱ በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 39 ጣቢያዎች ነበሯቸው። የመጀመሪያው ዋጋ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ስለ ነበር፣ ደመወዙ አነስተኛ ለሆነው ሠራተኛ ትልቅ እፎይታ ሆኗል። ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው።

ነገር ግን ሐዲዱ በብዙ ስፍራ በአውራ ጐዳናው መካከል ተከልሎ ስለሚያልፍ፣ ቀድሞ ተሻግሮ ጐረቤቱን ይጠይቅ የነበረው ሰው ማቋረጫ ፍለጋ መዞር ግድ ሆነበት። ደግሞም ሐዲዱ አያትና ቃሊቲ ላይ ሲያበቃ ከተማው አላበቃም። የየካ አባዶ፣ የቱሉ ዲምቱና የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ያሉት ከሐዲዱ ጫፍ ወዲያ ነው። ነዋሪው ወደ ዳር ወጣ፤ ባቡሩ ግን አልተከተለውም። ከመጨረሻው ጣቢያ የወረደ ሰው፣ ሐዲዱ ቢያልቅም የእሱ ጉዞ ገና አላለቀም፤ ለታክሲ ሠልፍ ይቆማል፣ ወይም በጨለማ በእግሩ ይገሠግሣል።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» እንዲሉ፣ ይህ ሁሉ የሚታሰበው ንድፉ ገና በወረቀት ላይ ሳለ ነው። ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ ማቋረጫ ለመጨመር የሚወጣው ገንዘብም ሆነ የሚፈጀው ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ በከተማ ዳርቻ ጣቢያ በሚታቀድበት ጊዜ ሁሉ ሦስት ጥያቄዎች አስቀድመው ይመለሱ ዘንድ እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ማታ ከሥራ የምትመለስ ሴት ከጣቢያው እስከ ቤቷ መብራት ያለው የእግረኛ መንገድና የማያሰጋ ማቋረጫ ታገኛለችን? ሁለተኛ፣ ከባቡሩ የሚወርደውን ሕዝብ የሚቀበሉ አውቶቡሶችና ታክሲዎች የሚቆሙበት ስፍራ በንድፉ ውስጥ ተከልሏልን? ሦስተኛ፣ ጣቢያው በሚያርፍበት መሬት ላይ ያረሰው ገበሬና በዳሩ ጉልት ዘርግታ ልጆቿን ያሳደገችው እናት ምን ይሆናሉ? ስለ ተነሺዎች ካሣና መልሶ መቋቋም የወጣ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 አለ፤ አዋጅ ግን የሚያስታውሰው ሰው ይሻል።

የሚያስታውሰው ማን ነው? በሕዝብ ገንዘብ የተማርን እኛ ነን። የምሕንድስና ተማሪዎች ሰዓታቸውን ይዘው እጅግ ከሚርቀው ቤት እስከ ጣቢያው ቦታ በእግራቸው ይሂዱ፤ በካርታ ላይ አጭር መስሎ የሚታየው መሥመር ወንዙንና አጥሩን ሲዞሩ ስንት ደቂቃ እንደሚሆን ይጻፉ። የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች አንድ ሠራተኛ ከቤቱ እስከ ሥራው በወር የሚያወጣውን ይደምሩ፤ የባቡሩን ዋጋ ብቻ አይቍጠሩ። የሕግ ተማሪዎች አዋጁን በሚገባው ቋንቋ ለተነሺው ያስረዱ። የተገኘውንም ለሰፈሩ ነዋሪዎች እንስጥ፤ በስብሰባ ላይ ቆመው የሚናገሩት እነሱ ይሁኑ።

ወንድሞችና እኅቶች! የጣቢያውን ማማር የሚያወድስ ሰው አይጠፋም። ከሐዲዱ በጣም ርቆ ከሚኖረው ሰው ደጃፍ ተነሥቶ መንገዱን የሚለካ ግን እስካሁን ጥቂት ነው። በሚመጣው የዕረፍት ቀን በዚህ ሥራ ለመሰማራት የምትፈቅዱ፣ ከዚህ ስብሰባ በኋላ ስማችሁን ለጸሐፊያችን እንድታስመዘግቡ በማኅበሩ ስም እንለምናለን።