ስለ አንድ የጋራ ማተሚያ፥ ለብዙ ክፍል እንደሚያገለግል



በቀድሞ ዘመን አንድ መጽሐፍ ለማባዛት ቁም ጸሐፊ ብራና ፍቆ፥ ቀለም በጥብጦ፥ መቃ ቀርጾ ብዙ ወራት ይቀመጥ ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የወጣው አእምሮ የተባለው ጋዜጣ እንኳ በመጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በጥቂት ቅጂ ብቻ ይታደል ነበር። ኋላ ግን አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን ባቋቋሙ ጊዜ አንድ መኪና የብዙ ጸሐፊዎችን እጅ ተካ። ዛሬ ደግሞ ያ ሥራ በጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ ሳጥን ይፈጸማል፤ ስሙም ፕሪንተር ነው። የዚህ ንግግር ዓላማም አንዱን ማተሚያ ለብዙ ክፍል በሽቦ አገናኝቶ በጋራ መጠቀም እንዴት እንደሚቻል ማስረዳት ነው።

ጀውሃ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ከሸዋ ሮቢት አልፎ በይፋት ቆላ የምትገኝ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ ስፍራ የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የርእሰ መምህር፥ የጸሐፊና የመዝገብ ቤት ክፍል አለው እንበል። ለሦስቱ ክፍል ሦስት ማተሚያ መግዛት ብዙ ወጪ ነው፤ ቀለማቸውም በየዓይነቱ ስለሚለያይ የአንዱ ሲያልቅ የሌላው አይተካውም። አንድ ብቻ ተገዝቶ በአንድ ክፍል ቢቀመጥ ደግሞ የሌላው ክፍል ሰው ሥራውን በፍላሽ ይዞ ሲመላለስ ይውላል፤ ፍላሹም ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ቫይረስ ያዛምታል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ ሕዝቡም መሥሪያ ቤቱም ብዙ ጉዳት አይተዋልና፥ ያለውን ጥቂት ዕቃ በጋራ መጠቀም በዚህ አገር ግድ ነው።

የመዘግየቱም ጉዳት በመጨረሻ የሚያርፈው በተማሪው ላይ ነው። ስምንተኛ ክፍል ጨርሶ ወደ ሁለተኛ ደረጃ የሚሻገር ልጅ ማስረጃው በምዝገባው ቀን ካልታተመለት፥ ከገጠር በእግሩ የመጣው አባቱ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ልጁም ተራው ያልፈዋል።

ይህ ችግር የገጠር ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር ዜሮክስ የተባለው ኩባንያ በፓሎ አልቶ በነበረው የምርምር ቤቱ፥ በ1973 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር፥ ሮበርት ሜትካፍ የተባለው መሐንዲስ ኤተርኔት የሚባለውን የሽቦ መረብ ያሰበው የቤቱን ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸውና ከሌዘር ማተሚያው ጋራ ለማገናኘት ነበር። እንግዲህ መረብና ማተሚያ ከመነሻቸው አብረው የኖሩ ናቸው። በኢትዮጵያም መንግሥት ወረዳ ኔት በተባለው ሥራ የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋራ አገናኝቷል፤ የትምህርት ቤት መረብም የዚያ ታናሽ ምሳሌ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶች ቃል ለዚህም ይሠራል።

አሠራሩም በአራት ነገር ይፈጸማል።

መጀመሪያው ስፍራ መምረጥ ነው። ማተሚያው ቁልፍ ባለው ክፍል፥ ከፀሐይና ከመንገድ አቧራ ርቆ ይቀመጥ፤ ቆላ ነውና ሙቀት ወረቀቱን ያጣምማል፥ አቧራም ውስጡን ይጎዳል። ሌዘር የተባለው ዓይነት ቀለሙን በወረቀት ላይ በሙቀት ስለሚያጣብቅ ብዙ የኤሌክትሪክ ኃይል ይስባል፤ ስለዚህ ከትንሽ ዩ.ፒ.ኤስ. ጋራ አይሰካም። መብራት በጠፋም ጊዜ ማተሚያው ይጥፋ፤ መብራቱ ተመልሶ ሲረጋ ይብራ።

ሁለተኛው ሽቦውን ማገናኘት ነው። ከየኮምፒዩተሩና ከማተሚያው የሚመጣው የኔትዎርክ ኬብል ስዊች ወደሚባለው መገናኛ ይገባል። የአንዱ ኬብል ርዝመት ከ100 ሜትር አይለፍ። በትክክል የገባ እንደ ሆነ በስዊቹ ላይ ትንሽ መብራት ይታያል። ማተሚያው የኔትዎርክ ቀዳዳ የሌለው ቢሆን ግን በዩ.ኤስ.ቢ. ከአንድ ኮምፒዩተር ጋራ ተያይዞ ከዚያ ለሌሎቹ ይጋራል፤ ነገር ግን ያ ኮምፒዩተር በጠፋ ጊዜ ለሁሉም ይቋረጣል።

ሦስተኛው ለማተሚያው የማይለወጥ አድራሻ መስጠት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ነው። በመረብ ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ አይ.ፒ. አድራሻ የሚባል ቁጥር አለው። ራውተሩ ይህን ቁጥር በራሱ ያድላል፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ግን ለማተሚያው ሌላ ቁጥር ሊሰጠው ይችላል። ያን ጊዜ ኮምፒዩተሮቹ ማተሚያውን በቀድሞው ቁጥር ሲፈልጉት ያጡታል፤ ይህም ቤቱን ለለወጠ ሰው በድሮው ቤት ደብዳቤ እንደ መላክ ነው። ስለዚህ ራውተሩ ለምሳሌ ከ192.168.1.100 እስከ 192.168.1.199 ያለውን የሚያድል ቢሆን፥ ለማተሚያው ከዚያ ውጭ የሆነ፥ ለማንም ያልተሰጠ ቁጥር፥ ለምሳሌ 192.168.1.50፥ ይሰጠዋል።

አራተኛው በየኮምፒዩተሩ ማስመዝገብ ነው። ለማተሚያው ዓይነት የተዘጋጀው ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ይጫናል፤ አድራሻው ይጻፋል፤ ከዚያም ከእያንዳንዱ ኮምፒዩተር አንድ የሙከራ ገጽ ይታተማል። አንዱ ክፍል ሳይሞከር ሥራው ተፈጸመ አይባልም።

ማተሚያው እንቢ ባለ ጊዜ ምርመራው በተራ ይሁን። አስቀድሞ ማተሚያው ብቻውን የራሱን የሙከራ ገጽ ማተም ይችል እንደ ሆነ ይታይ፤ ካልቻለ ነገሩ የወረቀት፥ የቀለም ወይም የመኪናው ነው። እርሱ ደኅና ከሆነ በኬብሉ ጫፍ ያለው መብራት ይታይ፤ ቀጥሎ አድራሻው እንዳልተለወጠ ይረጋገጥ። በመጨረሻም በኮምፒዩተሩ ውስጥ ተራ የሚጠብቁት ሥራዎች ይታዩ፤ አንድ የተበላሸ ሥራ በፊት ቆሞ የኋለኞቹን ሁሉ ሊያግድ ይችላልና፥ እርሱ ሲሰረዝ የቀሩት ያልፋሉ። ይህን ተራ ሳይከተል ሁሉን ባንድ ጊዜ የሚነካካ ሰው ደኅናውንም ያበላሻል።

መኪናው ከተሠራ በኋላ የሚቀረው የሰው ሥርዓት ነው። በጋራ ማተሚያ ላይ የወጣ ወረቀት ለሚያልፍ ሁሉ የተገለጠ ነው። የፈተና ጥያቄ በማተሚያው ላይ ተረስቶ ቢያድር፥ ዓመቱን ሙሉ የተጋው ልጅና ያልተጋው ልጅ እኩል ይሆናሉ፤ ይህም በትጉው ላይ ግፍ ነው። ስለዚህ ፈተና የሚያሳትም መምህር አስቀድሞ በማተሚያው አጠገብ አንድ ሰው ያቁም። አንዳንድ ማተሚያ ደግሞ ባለቤቱ መጥቶ የምሥጢር ቁጥሩን እስኪነካ ድረስ ሥራውን ይዞ ያቆያል፤ ይህ ያለው ትምህርት ቤት ይጠቀምበት። ከፋብሪካው ጋራ የመጣው የማተሚያው የይለፍ ቃልም ይለወጥ። ወረቀትና ቀለም የወሰደ ክፍል በመዝገብ ይፈርም፤ የጋራ ዕቃ ጠብ የሚያመጣው ሒሳብ ሳይኖረው ነውና።

ደግሞም ይህን ዕውቀት አንድ ሰው ብቻ አይያዘው። መምህር ይዛወራል፥ ጸሐፊም ይለወጣል፤ የሚያውቀው ሰው በሄደ ማግስት መኪናው በጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይማሩት፤ የማተሚያው አድራሻና የምርመራው ተራም በካርቶን ላይ በጉልህ ተጽፎ ከማተሚያው በላይ በግድግዳ ላይ ይሰቀል።