ሳንሱሩ ከእኛ በላይ አንባቢ ነበር!
(በቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ ለተሰበሰቡ የመጽሐፍ ወዳጆች የቀረበ ንግግር)



«የምትወዳቸውን ልብ ወለዶች ለሌላው አንባቢ ጠቁም» ተብዬ ነው የመጣሁት። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን ሜክሲኮም ሂዱ መርካቶ፣ «ጥሩ ልብ ወለድ ጥራ» ያላችሁት ሰው ሁሉ ሁለት ስም አያጣም፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» እና «ኦሮማይ»። እሰየው! ጉዱ የሚመጣው «አንብበኸዋል ወይ?» ብላችሁ ስትጠይቁት ነው። አንዱን በሬዲዮ ሰምቶታል። የሌላውን ደራሲ አጠፋፍ ሲተርክላችሁ ያመሻል። መጽሐፎቹን ግን ገልጦ አያውቅም!

እንግዲህ የእኔ ነገር ይኸው ነው። ደራሲዎቻችንን ከእኛ ይበልጥ አጥብቆ ያነበባቸው ሳንሱሩ ነው። እሱ መስመር በመስመር፣ ቃል በቃል ሲያነብ፣ እኛ በስማቸው ብቻ እንምላለን። ይኼ አያሳፍርም ትላላችሁ?

ከሐዲስ ዓለማየሁ ልጀምር። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. የታተመ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ ነፍሱን ይማረውና በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው አገር ጆሮውን ሰጥቶ ሰምቷል። ጆሮ ግን ይሮጣል፤ ዓይን ቆም ይላል። የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር የሰማችሁ ሰዎች፣ አሁን ስለ ጉዱ ካሳ ስትሉ አንብቡት። ያ ሰው እብድ የተባለው ለምንድን ነው? ሁሉም «ከአባት የወረስነው ነው» ብሎ አንገቱን በደፋበት አገር «ለምን?» ብሎ ስለ ጠየቀ ነው። እስቲ በየመሥሪያ ቤታችሁ ዙሪያውን ተመልከቱ፤ ጉዱ ካሳ የተባለ ሰው አታጡም።

ሁለተኛው የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» ነው። በ1955 ዓ.ም. ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ታገደ፤ ቅጂው ተሰብስቦ ተቃጠለ። ምን ቢል ነው? በእናቱ ማህፀን ያለ ጽንስ፣ ፍትሕ በሌለበት አገር ተወልዶ መሰቃየትን አልፈልግም ብሎ ይሟገታል። በቃ! መሣሪያ አላነሳ፣ ወረቀት አልበተነ፣ ገና አልተወለደም እኮ! መንግሥት ግን ደነገጠ። ዛሬ ልጁን ምን አበላው፣ የት አስተምረው ብሎ የሚጨነቅ ወላጅ ይህን መጽሐፍ ቢያነብ የቆየ ታሪክ አይመስለውም።

ሦስተኛው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። በ1975 ዓ.ም. ታተመ፣ ከገበያ ተለቀመ፣ ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህን የማያውቅ የለም። ብዙ ሰውም መጽሐፉን «ይኼ ገጸ ባሕርይ የትኛው ባለሥልጣን ነው?» እያለ እንደ እንቆቅልሽ ያገላብጠዋል። እኔ የምላችሁ ጋዜጠኛውን ጸጋዬ ኃይለማርያምን ተከተሉት ነው። ለቀይ ኮከብ ዘመቻ ቅስቀሳ አሥመራ ይሄዳል፤ ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ ፊያሜታን ይወዳል፤ ድል እንዲያወራ ተልኮ ሞትን ያያል። አለቃ የሚያዝዘውና ዓይን የሚያየው ሲለያዩ ሰው ምን ይሆናል? እንደኔ በብዕር እንጀራ ለሚበላ ሰው ከዚህ የጠራ መስተዋት አላገኘሁም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷል። ባዕድ እያነበበው እኛ ዝናውን ብቻ ይዘን እንቅር?

አራተኛውን ለማግኘት ከዚህ ወደ ፒያሳ መውጣት ነው። የስብሐት ገብረእግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» የውቤ በረሃ መጽሐፍ ነው። የአራዳ ሌሊት፣ መጠጥ ቤቱ፣ ሴተኛ አዳሪዎቹ፣ ሳቃቸውና ለቅሷቸው አለበት። ለአሥርት ዓመታት ሳይታተም ቆይቷል። «ብልግና ነው» የሚሉ ዛሬም አሉ። እኔ ግን እነዚያን ሴቶች እንደ ሰው ቆጥሮ ስማቸውንና ቀልዳቸውን የመዘገበ ሌላ ማን እንደሆነ ይነግሩኝ ዘንድ እጠይቃለሁ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ስም የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ፣ ዶሮ ማነቂያም አብሮ ሲሄድ፣ ነዋሪው ዕቃውን ጭኖ በየአቅጣጫው ተበተነ። ግሬደር ቤት ያፈርሳል፤ መጽሐፍ ላይ ግን አቅም የለውም። የልጅ ልጆቻችን «አራዳ ምን ይመስል ነበር?» ሲሉን የምንሰጣቸው መልስ እዚያ ውስጥ አለ።

አምስተኛው የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» ነው። እዚህ አደባባይ ላይ የቆመውን የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ በየቀኑ በታክሲ እየዞርነው እናልፋለን። ብርሃኑ ግን በ1958 ዓ.ም. ሲጽፍ ለመጽሐፉ ስም የመረጠው ዕንባውን ነው። መድፉን ለማየት አደባባዩ ይበቃል፤ ሰውየውን ለማየት ልብ ወለዱን መግዛት ግድ ነው።

ወገኖቼ! የቅድመ ምርመራ ሳንሱር በ1985 ዓ.ም. በፕሬስ አዋጁ ከተነሳ ሰንብቷል። ጋዜጠኛ በጻፈው መታሰሩ ባይቀርም፣ እነዚህን አምስት መጻሕፍት እንዳናነብ ዛሬ የከለከለን የለም። «መጽሐፍ ተወደደ» ትሉኛላችሁ፤ እውነት ነው፣ ተወዷል። አምስት ሆናችሁ አንድ አንድ ግዙና ተዋዋሱ! ታዲያ በየሳምንቱ ስትገናኙ የደራሲውን አሟሟት ለጊዜው ተዉትና በጉዱ ካሳ ተከራከሩ፣ በፊያሜታ ተጣሉ፣ ጽንሱ ልክ ነው ወይስ አይደለም ተባባሉ። አቤም በዓሉም የጻፉት ለዚህ ነበር። ያስከፈላቸውም ይኸው ነው።