መታመንና መልካም ማድረግ፦ በመዝሙር 37 ላይ የተሰጠ ትምህርታዊ ንግግር



ዛሬ የማነሣው በዕብራይስጡ አቈጣጠር መዝሙር 37 የሚባለውን ነው። በግእዙ ዳዊት ያደጋችሁ 36ኛው ላይ ታገኙታላችሁ፤ የእኛ መዝሙረ ዳዊት ከግሪኩ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም የመጣ በመሆኑ ዕብራይስጡ ለሁለት የሚከፍላቸውን 9ኛውንና 10ኛውን እንደ አንድ ይቈጥራልና።

መዝሙሩ በዕብራይስጥ የፊደል ተራ የተደረደረ ነው። አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እያለ የሚወርደውን ረጅሙን 118ኛውን መዝሙር የደገመ ሁሉ ስልቱን ያውቀዋል። ይህ የመምህር ስልት ነው። እንዲያውም በ40ዎቹ ቍጥሮች ውስጥ እግዚአብሔርን በቀጥታ «አንተ» ብሎ የሚጠራ ቃል የለም። የሚናገረው ማርጀቱን በ25ኛው ቍጥር የሚገልጽ ሽማግሌ ነው፤ የሚሰማው ደግሞ ክፉዎች ሲከናወንላቸው አይቶ የተቃጠለ ሰው ነው። «አትቃጠል» ማለት የምንችለው ትእዛዝ በ1ኛው፣ በ7ኛውና በ8ኛው ቍጥር ሦስት ጊዜ ይመላለሳል።

ይህን ሰው ያቃጠለው ምንድን ነው? መሬት ነው ብዬ አምናለሁ። ምድርን መውረስ አምስት ጊዜ ይነሣል፤ ተቃራኒው፣ ማለትም መቈረጥ፣ እንዲሁ አምስት ጊዜ ይነሣል። ክፉው ሰይፍና ቀስት በድኻው ላይ ያነሣል፤ ተበድሮ አይመልስም፤ ጻድቁን ሸምቆ ይጠብቃል፤ ነገሩም እስከ ፍርድ አደባባይ ይደርሳል። እንግዲህ በ3ኛው ቍጥር የሚገኙት አራት ትእዛዛት፣ መታመን፣ መልካም ማድረግ፣ በምድሪቱ መቀመጥና አራተኛው ሊነቀል ለተቃረበ ሰው የተነገሩ ናቸው። እንዲህ ላለ ሰው «ተቀመጥ» ማለት ቀላል ምክር አይደለም።

የመጀመሪያው ትእዛዝ ብ-ጥ-ሕ ከሚለው ሥር የወጣ ነው። በመዝሙራቱ ዘንድ ሰው ሁሉ በአንድ ነገር ይታመናል፤ ጥያቄው በምን የሚለው ነው። መዝሙር 49 በሀብታቸው የሚታመኑትን ያነሣል፤ 62 በግፍ መታመንን ይከለክላል፤ 146 በመኳንንት መታመንን። ሥሩ ግን ሌላም ገጽ አለው። ነቢዩ አሞጽ በምዕራፍ 6 መጀመሪያ ይህንኑ ቃል በሰማርያ ተራራ ተደላድለው ለተቀመጡት ሰዎች ይጠቀምበታል፤ እዚያ ቃሉ ግድ የለሽነትን ያመለክታል። አንድ ሥር እምነትንም ዝንጋዔንም ይሸከማል ማለት ነው። ታዲያ የታመነውን ከተዘናጋው በምን እንለየዋለን? መዝሙረኛው ወዲያውኑ መልካም ማድረግን ያስከተለው ለዚህ ይመስለኛል።

መልካምነቱም በአየር ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። 21ኛው፣ 26ኛውና 30ኛው ቍጥር ይገልጹታል፦ መራራት፣ መስጠት፣ ማበደር፣ ፍርድን መናገር። መሥዋዕት በዚህ መዝሙር ውስጥ አንድም ጊዜ አልተጠቀሰም።

አራተኛው ትእዛዝ ከሁሉ ይከብዳል። ግሡ ረዐህ ነው፤ የግእዙ ረዐየ ወንድም፣ መርዔት ማለትም መንጋ የሚለው ቃል ዘመድ። ተሳቢው አሙናህ ነው፤ የእኛ «አመነ»ና «አማን» ዘመድ፣ ታማኝነት ማለት ነው። «በታማኝነት መስክ ተሰማራ» ማለት ይቻላል፤ «ታማኝነትን እንደ መንጋ ጠብቅ» ማለትም ይቻላል። የግሪኩ ተርጓሚ ግን በምድሪቱ ባለጠግነት መመገብን አስገባ፤ ምናልባት አሙናህ የሚለውን ሀሞናህ፣ ማለትም «ብዛቷ»፣ ብሎ አንብቦት ይሆናል። እኔ ወደ እረኛው ንባብ አደላለሁ። የቀሩት ሦስቱ ሰሚው ሊያደርጋቸው የሚገባ ተግባራት ናቸውና። መንጋ በየማለዳው ይወጣል፤ በየምሽቱም ይቈጠራል፤ አንድ ቀን ጠብቀውት የሚያበቃ ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ። ይህ መዝሙር ለተገፋ ሰው የሚሰጥ ማደንዘዣ ነው የሚል ወቀሳ አለ፤ ወቀሳውም በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። በቁምራን ከ4ኛው ዋሻ የተገኘው የዚህ መዝሙር ትርጓሜ ይታወቃል። ያ ማኅበር ራሱን የድኾች ጉባኤ ብሎ ጠራ፤ የተስፋውን ምድር ለራሱ ቈጠረ፤ ክፉዎች በ40 ዓመት ፍጻሜ እንደሚጠፉም ተነበየ። ሰፈሩን ግን እ.ኤ.አ. በ68 ገደማ የሮም ጭፍራ ደመሰሰው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው 25ኛው ቍጥር ነው። ሽማግሌው ጻድቅ ሲጣል፣ ልጆቹም እንጀራ ሲለምኑ አላየሁም ይላል። እኛ አይተናል። ኢዮብም አይቷል። ቍጥሩን የዓለም ሕግ አድርገን ከወሰድነው ሐሰት ይሆናል፤ ከዚያም ይብሳል፣ የሚለምነውን ልጅ አባት በኃጢአት እንድንከስ ያደርገናል። ይህን ክስ በስብከት የሰማችሁ ጥቂቶች አይደላችሁም።

ነገር ግን 26ኛውን አብረን እናንብብ፤ በዚያ ጻድቁ ቀኑን ሙሉ ሲራራና ሲያበድር ይታያል። ሽማግሌው የመሰከረው ሰዎች እርስ በርስ በሚበዳደሩበት መንደር ስላየው ነው ብዬ እረዳለሁ። ልጆቹ ያልለመኑት ጎተራውን የከፈተ ጎረቤት ስለ ነበረ ነው። መልካም ማድረጉ ከተቋረጠ ምስክርነቱ የሚቆምበት መሬት የለውም፤ መታመን ብቻውን ያን እንጀራ አላቀረበም።

ይህ ንባብ ችግሩን ሁሉ አይፈታም። መዝሙር 44 ኪዳኑን ሳይክዱ ለእርድ እንደ በግ የተቈጠሩ ሰዎችን እሮሮ ይዟል፤ እነርሱ በቀስታቸው እንዳልታመኑም በዚሁ በብ-ጥ-ሕ ይናገራሉ። መጻሕፍቱን የሰበሰቡት ሊቃውንት ሁለቱን መዝሙራት በጥቂት ምዕራፎች ልዩነት አስቀመጡ፤ አንዱን በሌላው አላረሙም። የሽማግሌውን ምስክርነት ለመምህር፣ የ44ኛውን እሮሮ ለጉባኤ ጸሎት ተዉልን። የትኛውን ለማን እንደምናነብ የመምረጡ ሥራ የእኛ ነው፤ መሬቱን ለተነጠቀ ሰው ግን 44ኛውን ሳያሰሙ 37ኛውን ብቻ ማንበብ አግባብ አይመስለኝም።

በዚሁ ላቁምና ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።