የአያቴ ፊት እንዲታይ

ዛሬ ስለ ካሜራ እናውራ።

ባለፈው ስግድ ኢየሩሳሌም ላይ አያቴን በስልኬ አነሳኋቸው። ነጭ ቀሚሳቸው በደንብ ወጣ፤ ፊታቸው ግን ጠቁሮ ዓይናቸው እንኳ አይለይም። «ልጄ፣ ልብሴን ነው እንዴ ያነሳሽው?» ብለው ሳቁ። እኔ ግን ከነከነኝ፤ ያቺ ቀን አትመለስማ።

ከዚያ ሚረርለስ የሚሉትን ትንሽ ካሜራ ገዛሁ፤ ካኖን አር 50። ለምን እሱን? አንደኛ፣ ከቀጭኑ 28 ሚሊሜትር ሌንስ ጋር ግማሽ ኪሎ ገደማ ስለሆነ ከቦርሳዬ አይጠፋም። ሁለተኛ፣ ዓይንን ለይቶ ይከተላል፤ ሕፃን ሲሮጥ ይጠቅማል። ሦስተኛ፣ ይሄ ሌንስ ኤፍ 2.8 ነው፤ ከካሜራው ጋር አብሮ ከሚሸጠው ሌንስ ከእጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል። ማታ ቡና ሲፈላ ያለ ፍላሽ አነሳበታለሁ።

ግን ስሙኝ፦ ነጭ ልብስ ሲበዛ ካሜራው «ብርሃን በዛ» ብሎ ፎቶውን ያጨልመዋል፤ ውዱም ቢሆን። ስለዚህ የብርሃን ማስተካከያውን ወደ ፕላስ 1 ከፍ አድርጉት። ስልክ ላይም ፊቱን ነካ አድርጋችሁ ብርሃኑን መጨመር ትችላላችሁ። ይህን ባውቅ ኖሮ ያን ቀን ስልኬም በበቃኝ ነበር።

እና ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ዛሬውኑ በስልካችሁ ሞክሩት። አያቶቻችሁን ቡና ላይ እያወሩ አንሷቸው፤ አሳትማችሁም ስጧቸው። ለሂትራኦት!