ዳገት ላይ የሚሰማ ድምፅ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለአባላት የተሰጠ ንግግር)



 ባለፈው ዓመት ከመካከላችን የተለዩትን ነፍሳቸውን ይማር፤ ለቤተሰቦቻቸውም መጽናናትን ይስጥልን።

ስለ መኪና ድምፅ እንድንናገር ስንታዘዝ፣ አንዳንዶቻችሁ «እድርንና የመኪናን ድምፅ ምን አገናኛቸው?» ሳትሉ አትቀሩም። እኛም መጀመሪያ እንዲሁ ብለን ነበር። እኛ የእድሩን ዕቃ የምናመላልስ ሾፌሮችና በጋራዥ ሥራ የምንተዳደር ጥቂት አባላት ነን። ንግግር አናውቅም፤ ያየነውንና የሰማነውን ግን እንናገራለን።

ነገሩ የጀመረው በአንድ የክረምት ማለዳ ነው። ድንኳኑን፣ ምሰሶውን፣ አግዳሚውንና ድስቱን በአንዲት ፒካፕ ጭነን ወደ አንድ አባላችን ለቅሶ ቤት እንወጣ ነበር። ቦንጋ እንደምታውቁት የሜዳ ከተማ አይደለችም። ከዋናው መንገድ ወደ ግቢው የሚያስገባው መውጫ ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ አፈሩ ቀይ፣ ሌሊቱን ዝናብ ሲመታው ያደረ። ገና ከታች ስንነሳ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን በጩኸቱ ልክ አትሄድም። የተቃጠለ ነገርም ይሸት ነበር። ከፊት ሦስት ሰዎች፣ ከኋላ ዕቃው ላይ አራት ልጆች ነበርን። አንድም ሰው ቃል አልተነፈሰም። አጋማሹ ላይ ስንደርስ መኪናዋ ቀጥ አለች፤ ወዲያው ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። የእጅ ፍሬኗ ከላላ ሰንብቷል፤ ጎማውም ጭቃውን አልጨበጠም። የመንገዱ ዳር አፈር ባይዛት ኖሮ ዛሬ ስለ ሌላ ነገር በተናገርን ነበር። ከልጆቹ አንዱ ሲዘል እግሩ ተሰበረ፤ ሌሎቻችን በድንጋጤ ተረፍን።

በኋላ ተቀምጠን ስንነጋገር ምን ተባለ መሰላችሁ? «እኔ እኮ ሰምቼ ነበር!» አንዱ «ሾፌሩ ያውቃል ብዬ ዝም አልኩ» አለ። ሌላው «ሰው በሐዘን ላይ እያለ ስለ መኪና ማውራት ነውር መሰለኝ» አለ። ሾፌሩ ደግሞ «ለቀስተኛ እየጠበቀ መቆም አሳፈረኝ» አለ። ሰባት ሰው ሰማ፣ ሰባት ሰው ዝም አለ። ይኸን ንግግር ያመጣው ያ ዝምታ ነው።

እንግዲህ ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። መኪና ሜዳ ላይ የምትደብቀውን ጉድለት ዳገት ላይ ለምን ታወጣዋለች? ዳገት ሸክም ነውና ነው። ሞተሩም፣ ፍሪሲዮኑም፣ ካምቢዮውም፣ ክሮቼራውም ያላቸውን ጉልበት ሁሉ የሚያወጡት ያን ጊዜ ነው። በላዩ የአገራችን ከፍታ አለ። ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋውን ያጣል። ከጅማ ወደ እኛ የሚመጣ ሰው ጎጀብ ወንዝ ድረስ ወርዶ እንደገና ሽቅብ ይወጣል። በቡና ለቀማ ወራት ደግሞ ጆንያው ተደራርቦ ይጫናል። ታዲያ መኪናዋ ብታቃስት ምን ይደንቃል?

ድምፅ ስትሰሙ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። አንደኛ፣ ድምፁ የሞተር ነው ወይስ የጎማ? ሜዳ ቦታ አቁሙ፤ የእጅ ፍሬን ያዙ፤ ማርሹን ዜሮ አድርጋችሁ ነዳጅ ስጡ። ድምፁ ቆማችሁም ከተሰማ ከሞተሩ አካባቢ ነው። ስትሄዱ ብቻ ከተሰማ ግን ከጎማው፣ ከኩሽኔታው ወይም ኃይል ወደ ጎማ ከሚያደርሱት ክፍሎች ፈልጉት። ሁለተኛ፣ ነዳጁን ላላ ስታደርጉ ይጠፋል ወይ? ከጠፋ የሸክም ድምፅ ነው። ሦስተኛ፣ መሪ ስትጠመዝዙ ይብሳል ወይ? ከባሰ ወደ ፊት ጎማዎቹ ተመልከቱ።

አሁን ድምፆቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ቤንዚን መኪና ዳገት ላይ ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ እንደሚንቀጫቀጭ ቢያሰማ፣ ነዳጁ ያለ ጊዜው እየተቀጣጠለ ነው። ብዙ ጊዜ ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ሊወጣ ሲታገል የሚመጣ ነው። ማርሽ ቀንሱ። ካልተወ የነዳጁ ጥራት፣ የካንዴላው አቀጣጠል ወይም የሞተሩ ሙቀት ይታይ። ናፍጣ ሞተር በተፈጥሮው ስለሚያንኳኳ፣ እሱን ከወትሮው ድምፁ ጋር አስተያዩት።

ከሞተሩ ሆድ ወፍራም «ዱቅ ዱቅ» ከወጣና የዘይት መብራት ከበራ ግን ቀልድ የለም። ብሮንዚኑ ሊሆን ይችላል። ቦታ ይዛችሁ ወዲያው አጥፉ። «ቤት እስክደርስ» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ሞተር ቀይሯል።

ቀጭን «ሲጥ» የሚል ጩኸት፣ በተለይ በዝናብ፣ የቺንጊያ ነው። ላልቷል ወይም አርጅቷል። ዋጋው ትንሽ ነው፤ በጥሶ ራዲያተሩ ሲፈላ ግን ትልቅ ይሆናል።

ስትነሱ ወይም ማርሽ ስትቀይሩ አንድ ጊዜ «ገጭ!» ካለ፣ ክሮቼራውን ወይም ሞተሩ የተቀመጠባቸውን ጎማዎች አስፈትሹ። ከፍጥነት ጋር እያደገ የሚሄድ እንጉርጉሮ የኩሽኔታ ወይም ዘይት ያነሰው የዲፈረንሻል ነው። የሚፋጭ ድምፅ ከሆነ ደግሞ ከመደንገጣችሁ በፊት ጎማው ውስጥ ጭቃና ጠጠር ገብቶ እንደሆነ እዩ፤ እኛ አገር ይኸ ብዙ ነው።

ሞተሩ ጮኾ መኪናዋ የማትሄድ ከሆነ፣ ሽታም ካለ፣ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። የእኛ መኪና የነገረችን ይኸንኑ ነበር። ዳገት ከመጀመራችሁ በፊት ሜዳ ላይ በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ስጡ፤ የሞተሩ ድምፅ አድጎ ፍጥነቱ ካላደገ ጭነት አትጫኑባት። እግርን ፍሪሲዮን ላይ አሳርፎ መንዳትና ዳገት ላይ በፍሪሲዮን ይዞ መቆም ቶሎ ይጨርሱታል።

መጨረሻ ያቆየነው በጣም የሚፈራውን ነው። ነዳጅ ስትሰጡ «ቱፍ ቱፍ» የሚል ድምፅ ከበረታ፣ ማርሚታው ወይም ጭሱ ከሞተሩ የሚወጣበት ቱቦ ተቀዷል ማለት ነው። ሰው ጫጫታውን ይጠላል እንጂ አደጋውን አያስብም። በቀዳዳው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ዝናብ ነው ብለን መስኮት ዘግተን ለቀስተኛ አጭቀን ስንሄድ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም አብሮ ተሳፋሪውን ሁሉ ከያዘ «ሐዘን ነው» አትበሉ፤ አቁሙ፣ ውረዱ፣ ንጹሕ አየር ውሰዱ። ያልተሻለው ሰው ወደ ሐኪም ይሂድ።

ይኸ የዳገት ጣጣ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መኪናን የፈለሰፈው የጀርመኑ ካርል ቤንዝ ሚስት በርታ ቤንዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1888 ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም እስከ ፎርዝሃይም ነድታለች። ርቀቱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጅማ ቦንጋ ካለው መንገድ እምብዛም አይለይም። ዳገት ላይ መኪናይቱ እምቢ ስትል ልጆቹ ወርደው ገፉ። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲያልቅ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄዳ ቆዳ አስለበሰችው። የፍሬን ሸራ የሚባለው ነገር መነሻው ይኸ ነው ይባላል። ስትመለስም ዝም አላለችም፤ ለዳገት የሚሆን ማርሽ እንዲጨመር ለባሏ ነገረችው። ያየችውን መናገሯ መኪናን አሻሻለ።

ስለዚህ ለጉባዔው ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ የእድሩን ዕቃ ወይም ለቀስተኛ በጫነ መኪና ላይ ድምፅ የሰማ ማንኛውም ሰው፣ ሕፃንም ቢሆን፣ «አቁም» የማለት መብት ይኑረው፤ ሾፌሩም ሳይቆጣ ደህና ቦታ ይዞ ያቁም። ሁለተኛ፣ ገደል የመሰለ መውጫ ላይ ሰው ዕቃ ላይ ተቀምጦ አይውጣ፤ ይውረድና በእግሩ ይሂድ፤ ከመኪናዋ በስተኋላ ግን ማንም አይቁም። የቆመች መኪና ጎማ ሥር ታኮ ይደረግ። የፈላ ራዲያተርም ሳይበርድ አይከፈት። ሦስተኛ፣ ዕቃ ከመጫኑ በፊት ዘይት፣ ውኃ፣ ቺንጊያ፣ ፍሬንና የእጅ ፍሬን ይታይ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። እኛ በየተራ በነጻ ልናየው ቃል እንገባለን።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። የእድራችን ጥሩምባ የሚነፋው ሰው ከሞተ በኋላ ነው፤ ሲነፋም ማንም ቤቱ አይቀርም። መኪና ግን ጥሩምባዋን አስቀድማ ትነፋለች። ለኋለኛው ጥሩምባ እንደምንነሳ ሁሉ ለፊተኛውም ብንነሳ፣ የምንቀብረው ሰው ያንሳል፤ የእድሩም ገንዘብ ይቆያል።

እግሩ የተሰበረው ልጅ ድኖ ዛሬ እዚሁ ከኋላ ተቀምጧል። «ሰምቼ ነበር፤ ግን ታላላቆቼ ዝም ሲሉ ፈራሁ» ያለን እሱ ነው። ከእንግዲህ አይፍራ።