የጋፋት ዘር በአሜሪካ ሲኒማ
(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንድ የሲኒማ ተዋናይ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ቆሞ ስለ አሜሪካ ፊልም መናገር ምን አመጣው ትሉ ይሆናል። ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ የሚጀምረው ከጋፋት ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠራለን።

ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ካሰባሰቧቸው የውጭ አገር ባለሙያዎች አንዱ ሞሪትስ ሆል ነበር፤ ከፖላንድ የመጣ መድፍ ሠሪ። ሚስቱ ወለተ ኢየሱስ ትባላለች። አባቷ በደጃዝማች ውቤ ቤት፣ ኋላም በቴዎድሮስ ዘንድ ያገለገለው ጀርመናዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ ዛንደር ሲሆን፣ እናቷ ኢትዮጵያዊት ናት። በ1867 ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲሄዱ የጋፋት ሰዎችም አብረው ሄዱ። በ1868 መቅደላ በወደቀችበት ሰሞን ወለተ ኢየሱስ ሴት ልጅ ወለደች፤ ስሟም ማግዳሌና ተባለ። ቤተሰቡ ከአገር ወጥቶ ያፋ ላይ ተቀመጠ፤ ማግዳሌናም እዚያ ፕላቶን ኡስቲኖቭ የተባለውን የሩስያ ባላባት አገባች። የልጇ ልጅ ፒተር ኡስቲኖቭ በ1921 ሎንዶን ውስጥ ተወለደ።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንምጣ። በጦርነቱ ጊዜ ኡስቲኖቭ በእንግሊዝ ጦር ተራ ወታደር ነበር። ተዋናዩ ዴቪድ ኒቨን ደግሞ በዚያው ጦር ከፍተኛ መኰንን ነው። ሁለቱ በአንድ ፊልም ላይ አብረው እንዲሠሩ ቢፈለግ፣ ተራ ወታደርና መኰንን እንዴት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ? መላው ኡስቲኖቭን የኒቨን አሽከር አድርጎ መመደብ ሆነ! ቀልድ ይመስላል፤ ለእኛ ግን የኋላ ሥራውን የሚያስረዳን ይህ ነው። ጌታን በአሽከር ዓይን ማየት ያውቅበታል።

በ1951 «ኮ ቫዲስ» በተባለው ፊልም ኔሮን ሆኖ ሲሠራ፣ ያ ሁሉ የሚፈራው ንጉሥ ጭብጨባ የሚለምን፣ እንደ ሕፃን የሚያኮርፍ ሰው ሆኖ ይታያል። በ1960 «ስፓርታከስ» ላይ የባሪያ ነጋዴውን ባትያተስን ሆነ፤ ለትልቅ ሰው የሚያጎነብስ፣ ከበታቹ ላሉት ግን ጅራፍ የሚያስነሣ። ሌሎቹ ተዋንያን ሲጮኹ እሱ ድምፁን ያለሰልሳል፣ ዓይኑን ያንከባልላል፤ ከዚያ ወዲያ ማንን ታያላችሁ? ከራሱ ቃለ ተውኔት አንዳንዱን የጻፈውም እሱ ነው። ለዚህ ሥራ ኦስካር ተሸለመ፤ በ1964ቱ «ቶፕካፒ» ደግሞ ሁለተኛውን አገኘ። ሌሎቹን ፊልሞች እንለፋቸው፤ ብዙ ናቸው፣ ሁሉም እኩል አይደሉም።

«የእኛ ነው» ብለን ልንፎክርበት አልመጣንም። እንግሊዝ ተወልዶ እንግሊዝ ያደገ ሰው ነው፤ ምንም እንኳ በ1977 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ኢትዮጵያዊ ዘሩን ቢያነሣም። የሚከነክነን ሌላ ነው። ቅድመ አያቱ ብረት አቅላጭ፣ እሱ ራሱ ተጫዋች። በአገራችን ቀጥቃጩ «ቡዳ» ተብሎ ሲሸሽ፣ አዝማሪው በሠርግ ተፈልጎ በማግሥቱ ሲናቅ ኖሯል። ዛሬስ ከመካከላችን አንዱ «ተዋናይ እሆናለሁ» ብሎ ለአባቱ ቢነግር ምን መልስ ይጠብቀዋል? እያንዳንዳችሁ የቤታችሁን ታውቃላችሁ። ጋፋትን ስናነሣም መድፉን ብቻ እናወራለን፤ የሆል ስም በየመጽሐፉ ሲገኝ ወለተ ኢየሱስን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ያን ቤት ግን ባዕድ ብቻውን አላቆመውም።

አንድ ነገር እንጨምርና እንጨርስ። ኡስቲኖቭ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አልተማረም። ሆኖም በ1968፣ መቅደላ በወደቀች በመቶኛው ዓመት፣ በስኮትላንድ የዳንዲ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሬክተር አድርገው መረጡት፤ ከ1992 ጀምሮም በ2004 እስኪሞት ድረስ የደርሃም ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ነበር።

ጥያቄ ያለው አሁን ሊጠይቅ ይችላል።